በሌሊት የተፈቱ ጥጆች

የዛሬ አምስት ዓመት በጥር ወር፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ መንዝ ሄድኩ። ልጄ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእንስሳ የምታውቀው የጎረቤት ድመትና፣ ለበዓል ተገዝቶ ሁለት ቀን ደረጃ ሥር ታስሮ የሚያድረውን በግ ብቻ ነበር። ማታ ስንደርስ የመንዝ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ምድጃው ዳር፣ መደብ ላይ ባና ደራርበን አስተኛናት። ከራስጌዋ ሦስት እርምጃ እልፍ ብሎ፣ እዚያው ቤት ውስጥ የጥጆቹ ጉረኖ አለ፤ ከእሱ ወዲያ ላሞቹ የሚያድሩበት ጋጣ። በእኛ አገር ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ የቆየ ነው፤ ከብቱ ከጅብና ከሌባ ይጠበቃል፣ ሰውም በከብቱ ትንፋሽ ይሞቃል።

ሌሊት የሆነውን ማንም አልሰማም። ጎህ ሲቀድ እናቴ በወይራ ያጠነችውን ግሬራ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጋጣው ገባች። ቆየች። ስትወጣ ግሬራው ባዶ ነበር። እኔም ተነስቼ ገባሁ። ሦስቱም ጥጆች ከእናቶቻቸው ሥር ተኝተዋል፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ አፋቸው ዙሪያ የወተት አረፋ ደርቋል። የጉረኖው መወርወሪያ ተነስቶ በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ልጄ ባና ተከናንባ፣ ከሁሉም ካነሰችው ጥቁር ጥጃ አጠገብ ጭዱ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ማነው የፈታቸው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ነበር። እናታቸውን እኮ ነው የፈለጉት።»

እናቴ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። «ያባቷ ልጅ» አለችና ግሬራዋን መስቀያው ላይ መልሳ ሰቀለች። የዚያን ቀን ቡናውን በጨው ጠጣነው።

እናቴ እንዲህ ያለችው በምክንያት ነው። እኔም በልጄ ዕድሜ ያንኑ ጉረኖ ከፍቼ አውቃለሁ።

የመንዝ ልጅ ዕድሜ በሚጠብቀው እንስሳ ይታወቃል። አምስት ዓመት ሲሞላው ጥጃ ይጠብቃል፤ ከቤት ሳይርቅ፣ እናቱ ስትጣራ ከሚሰማበት ቦታ። ሰባት ስምንት ሲሆነው በግ ነድቶ ሜዳ ይወጣል። አሥር ካለፈ በሬና ላሙ፣ አህያና ፈረሱ ይመጣለታል። የጥጃ ጠባቂ ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጥጃውን ከእናቱ ማራቅ ነው። ነገር ግን የቤተሰቡ ወተት፣ እርጎና ቅቤ በሙሉ በእሱ እጅ ነው። የአገራችን ላም ጥጃዋን ሳታይና ሳታሸት፣ ጡቷንም ጥጃው ጎንተል ጎንተል ሳያደርጋት ወተት አታወርድም። ስለዚህ ማለዳ ጥጃው ይለቀቅላታል፣ ጥቂት ይጠባል፣ ወተቱ ወረድ ሲል ተጎትቶ ከፊቷ ይያዛል። እሷ ጥጃዋን ትልሳለች፣ እናቴ ታልባለች። የተረፈው የጥጃው ነው።

ጥጃውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንገቱን አቅፌ፣ ጉንጬን ጆሮው ሥር ለጥፌ። የሚጠባ ጥጃ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነው፤ መላ ሰውነቱ ወደ ጡቱ ይገፋል፣ ጅራቱ ይወናጨፋል፣ እግሩ መሬት ይቆፍራል። ምላሱ ሞረድ ነው፣ አፍንጫው ቀዝቃዛና እርጥብ። እናቱ ልጇን ስትልስ እኔንም አብራ ትልሰኛለች፤ ማጅራቴ እስኪቀላ። ዛሬም ላም ባየሁ ቁጥር ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

ጉረኖውን የከፈትኩት በሻሼ ምክንያት ነው። ሻሼ ግንባሯ ነጭ ላማችን ነበረች። በአንድ የጥቅምት ወር ጥጃዋ በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ሞተባት። ወተቷ እንዳይደርቅ አባዬ የጥጃውን ቆዳ ገፎ፣ አድርቆ፣ ጭድ ሞላውና ሰፋው። ማለብ ሲደርስ ከፊቷ ያቆሙላታል፣ ጀርባው ላይም ጨው ይነሰነሳል። ሻሼ አሸተተችው፣ በቀስታ እምቧ አለች፣ መላስ ጀመረች። ወተቷ ወረደ። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ዓይን የለውም፣ እግሩም መሬት አይነካም፤ እሷ ግን እስከ ጆሮው ጫፍ ድረስ ትልሰዋለች። እንባዬ መጣ።

በዚያ ሌሊት አንድ ነገር አሰብኩ፤ የቡሬን ጥጃ ለሻሼ ልስጣት አልኩ። ቡሬ ሁለት ዓመት በተከታታይ የወለደች ላም ናት፣ አንድ ቢጎድልባት አይከፋትም ብዬ። ሁሉም ሲተኛ መወርወሪያውን አነሳሁ፣ ጥጃዋን አቅፌ ወስጄ ሻሼ ጡት ላይ አስጠጋኋት። ሻሼ አንዴ አሸተተቻትና በኋላ እግሯ ወረወረቻት። ጥጃዋም ከወደቀችበት ተነስታ በጨለማ ቀጥ ብላ ወደ ቡሬ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጠዋት ላይ አንድም ላም የሚታለብ አልነበራትም። እናቴ አልመታችኝም። አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ላም ልጇን በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው፤ ያ ቆዳ ባዶ ቢሆንም ጠረኑ የልጇ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የገባኝ ትምህርት ጥቂት ነው።

ስለ ልጅነት ከተነሳ ጨዋታውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተን በሬ እንሠራ ነበር፤ ቀንዱ የእሾህ፣ ሻኛው አውራ ጣት የሚያህል። ሁለቱን በስንደዶ እናጣምዳቸውና አመድ ላይ እናርሳለን። በታኅሣሥ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ እስኪሟሟ ላሞቹ ተኝተው በተነሱበት ቦታ ላይ በባዶ እግራችን እንቆማለን፤ መሬቱ ትኩስ ነው። ብልጥ ልጅ የተኛችውን ላም ቀስቅሶ ቦታዋን ይወርሳል። የገና ጨዋታ የምንጫወተው ከብቱ በሚግጥበት ሜዳ ነበር። የሩሩ አቅጣጫ ሲበላሽ ከብቱ መሐል ይገባል፤ ፍለጋው ራሱ ሌላ ጨዋታ ይሆናል። የቀትር ምሳችን የገብስ ቆሎና በሶ ነው፤ ግማሹን መቻል ይበላዋል። መቻል ውሻችን ነው፤ ስሙን ያወጣለት አባዬ ነበር።

በ1981 ዓ.ም ክረምት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በግ ከተሰጠኝ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ቀዬአችን ጓሳ ጫፍ ላይ ነው። ጓሳ ማለት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ በጓሳ ሣርና በአስታ የተሸፈነ ሰፊ አምባ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት። አባቶቻችን ሣሩን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው እየጠበቁ፣ ሲደርስ ብቻ ከፍተው እያጨዱ ነበር የኖሩት፤ ያ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። የእኛ ቤት ጣሪያ ጓሳ ነው፣ የምንጠፍርበት ገመድም ጓሳ ነው። የምንለብሰው ባና ደግሞ ከእነዚያው እኔ ከምጠብቃቸው በጎች ጠጉር የተሸመነ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ላቷ ሰፊ፣ ጠጉሯ ሻካራ። ብርዱን ትችለዋለች።

ቡሄ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በነሐሴ ጅራፍ የማያጮህ የእረኛ ልጅ የለም፤ ነሐሴ 13 እስኪደርስ እጅ ይፈታል፣ ጅራፍ ይገመዳል፣ ከተራራው ወዲያ ማዶ ካሉ ልጆች ጋር በጩኸት መመላለስ ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ ከቃጫ የተገመደ አዲስ ጅራፍ ነበረን። እነሱ ያጮኻሉ፣ እኛ እንመልሳለን። የእኛው ሲበልጥ ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል፣ ደስታችን ወሰን የለውም። በመሐል ጉም መጣ። የጓሳ ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ እንደ ጭስ ሽቅብ ይወጣና የዘረጋኸውን እጅ ይሰውርብሃል። እኛ ግን ጅራፋችንን አላቆምንም፤ በጉም ውስጥ ድምፁ ይበልጥ ያምራል። በጎቹ ጆሯቸው ሥር የሚጮኸውን ጅራፍ ሰምተው፣ ከየት እንደመጣ ሳያዩ፣ ደንግጠው ተበተኑ። ይህ የገባኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት ኮቴ ብቻ ነበር፤ ወደ ገደሉ በኩል የሚሮጥ ብዙ ኮቴ።

ሃያ ሦስት በግ ይዤ ወጥቼ አሥራ ዘጠኝ ይዤ ገባሁ። አባዬ በር ላይ ቆሞ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሁልጊዜም ይቆጥራል። አሥራ ዘጠኝ ላይ እጁ ቆመ። «አራቱስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እንደራበኝና እንደበረደኝ አይቶ እናቴን «አብይው» አላት፤ በልቼ ስጨርስ ባትሪውንና ሽመሉን አንስቶ «ተነስ» አለኝ። መቻል ቀደመን።

ሌሊቱን ሙሉ ሄድን። አባዬ እየቆመ ያዳምጣል፤ እኔ የእሱን ጋቢ ጫፍ ይዤ እከተላለሁ። ከሩቅ ጅብ ይጮኻል። ጅብ በጮኸ ቁጥር አባዬ ወዴት በኩል እንደሆነ ጭንቅላቱን ያዘነብላል፤ አንድም ቃል አይናገርም። ያ ዝምታ ከዱላ ይብስ ነበር። በጎቹ የእኛ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ይናገር ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ግን መንጋችን የቆመው በርቢ ነው፤ በጎች ከሌላ ሰው ተቀብለን እያረባን፣ ግልገሉን እኩል የምንካፈልበት። ከጠፉት አራት በጎች አንዷ፣ ግራ ጆሮዋ ሁለት ቦታ የተበሳችው፣ የአንዲት ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ነበረች። የነበራቸው በግ እሷ ብቻ ናት።

አያቴ አንዲት በግ መጥፋት ለምን ሰው እንደማያስተኛ ታውቅ ነበር። የእሷ አያት የክፉውን ቀን ያዩ ሰው ነበሩ። በ1880 ዓ.ም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጠራርጎ ጨረሰው፤ ሰው በዶማ ቆፈረ፣ ንጉሥ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው አሳይተዋል ይባላል። ያን በሽታ ገበሬው «ደስታ» ይለዋል፤ በስሙ መጥራት እየፈራ። ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም ነው። አያቴ ይህን ሳትሰማ ሞታለች፤ ብትሰማ እልል ትል ነበር።

ሲነጋ ጉሙ ተገለጠ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ካደሩበት ቋጥኝ እየወጡ፣ ቂጣቸውን መሬት ላይ ጥለው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከመሐላቸው፣ ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀት፣ ሦስት በጎች ቆመዋል። ዝንጀሮዎቹ ከበጎቹ አይጣሉም፣ በጎቹም አይፈሯቸውም፤ ሁለቱም ሣር በላተኛ ናቸው። አንደኛዋ በግ አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር ትልሳለች። ጠጋ ስንል ግልገል ነው፣ ገና እርጥብ፣ ቡናማ፣ እግሮቹ የሚንቀጠቀጡ። ሌሊቱን በዚያ ብርድ ወልዳለች። አባዬ ተንበረከከ፤ የግልገሉን አፍንጫ በጣቱ ጠረገና ባናዬን ገልጦ ደረቴ ላይ አስገባው። ልቡ በልቤ ላይ ይመታ ነበር። «ይኼ ያንተ ነው» አለኝ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ የተናገረኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ግራ ጆሮዋ የተበሳችው በግ አልተገኘችም። ከሸለቆው ሥር ጠጉርና ደም ያገኘው መቻል ነው።

ቤት ስንገባ አባዬ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ቤት ወሰደኝ። በሩ ላይ ቆሞ «እሱ ይንገርዎት» አላቸውና እጄን ለቀቀ። ያን ጊዜ ያወጣሁት ቃል ትዝ አይለኝም፤ የጉልበቴ መንቀጥቀጥ ብቻ ይታወሰኛል። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። «አንተስ፣ ልጄ፣ ደህና ገባህ? ብርዱ አልነካህም?» አሉኝ። እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ አጥሚት ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ግልገሌን ሰጠኋቸው። ማንም እንድሰጥ አላዘዘኝም። አባዬ ግልገሉ እናቱ ጋር ጡት እስኪተው እኛ ጋር እንዲያድግ ተስማምቶ፣ ጥር ላይ አስረክበናል። ሴት ግልገል ነበረች፤ ከእሷ ዘር እኚያ እናት በኋላ የራሳቸውን መንጋ አቁመዋል።

ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ነገር ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ የእኔን ሜዳ ሁሉ ከእኔ በፊት ያዳረሰ ነው። ዘንግ ከእጁ ሳይለይ አደገ፤ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት፣ በማታ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እሱ የእኔን ፈረቃ ይዞ ሜዳ ስለወጣልኝ ነው። እኔ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት እረኛ ነበርኩ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ እረኛ። ስለ እረኝነት ውበት የሚጽፉ ሰዎች የጋሼን ድርሻ ሲዘሉት ያመኛል። ልጅ መማር አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ከትምህርቱ ጋር ግን ሕይወቱ በእጁ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ፍጥረት ለልጅ ሊሰጠው ይገባል፤ ዶሮም ቢሆን። የሚራብ፣ የሚጠማ፣ እሱ ካልመጣ የሚጮኽ። ጨዋታችን ያን ያህል የጣፈጠን ከጎኑ እውነተኛ ነገር ስለነበረ ይመስለኛል።

ወደ ልጄ ልመለስ። ዘጠኝ ቀን ቆየን። በሁለተኛው ቀን እናቴ ልምጭ ቆርጣ ሰጠቻትና «እንግዲህ ጥጆቹ ያንቺ ናቸው» አለቻት። የወንድሜ ልጆች የት መቆም እንዳለባት አሳዩዋት፤ ከጥጃ ኋላ መቆም ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ዓይኑ ከሚያያት ቦታ። በሦስተኛው ቀን ኩበት ስትለቅም አገኘኋት፤ በእጇ። በአራተኛው ቀን አህያ ጣለቻት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ተላጠች፣ ቅቤ ተቀባላትና ተመልሳ ወጣች። በአምስተኛው ቀን ከሦስቱ ጥጆች አንዱ ከእጇ አምልጦ ማሳ ገባ፤ የጎረቤትን ባቄላ በላ፤ ራሷ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኩም፤ ጋሼን ከሩቅ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሲጠብቃት አይቼዋለሁ።

ማታ ማታ ግሬራው ሲመጣ ጥቁሯን ጥጃ አንገቷን አቅፋ የምትይዘው እሷ ነበረች። ጥጃዋ ሆዷ ላይ ትንሽ ነጭ አላት። ላም በተለምዶ በመልኳ ነው የምትጠራው፤ ልጄ ግን «ሌሊቴ ነው የምላት» አለች፣ በሌሊት ስለተዋወቁ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን አልወደደችውም። በስምንተኛው ቀን ግን ከጓሮ ሆና «ሌሊቴ! ሌሊቴ!» ብላ ስትጣራ ሰማኋት።

አዲስ አበባ ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተኛች። ለሁለት ቀን እጇን አልታጠብም ብላ እናቷን አስቸግራለች።

ባለፈው ወር ጋሼ ስልክ ደወለ። ልጄን አቅርብልኝ አለኝ። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። «ሌሊቴ ወልዳለች» አላት። ማታ ነው የወለደችው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እንገሩ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ደርሷል፤ ጎረቤቱም እየመጣ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ መርቋል። ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ጥቁር። ስሟን ልጄ ሄዳ እስክታወጣላት ድረስ እናቴ ማንም ሌላ ስም እንዳያወጣ ከልክላለች፤ ለጊዜው እምቦሳ ብቻ ይሏታል።